ሲልቨር ስፕሪንግና የተርቡ ጎጆ

ሰው አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ ስለ ፎቁ፣ ስለ መንገዱና ስለ ገበያው እንዲያወራ ይጠበቅበታል። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ነሐሴ ወር ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ሜሪላንድ ሄጄ ይዤው የተመለስኩት የአንድ ተርብ ጎጆ ታሪክ ነው። ስለዚህ ከተማዋንም ጎጆውንም አንድ ላይ ላስጎብኛችሁ።

እህቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ሰሜን ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስሟ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ሰው በዚያ አካባቢ አንድ ምንጭ አገኘ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሚካ የተባለ ማዕድን እንደ ብር ያብረቀርቅ ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ዛሬ መሐል ከተማው ላይ ብዙ ሳይራመዱ አማርኛ ይሰማል። በጆርጂያና በፌንተን ጎዳናዎች የእንጀራው፣ የወጡና የሚቆላው ቡና ሽታ ያገር ሰው ያስመስላችኋል። ከተማዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት መሥርቷል። ከመሐሉ ትንሽ ወጣ ሲባል ግን ሌላ አገር ነው፤ ትላልቅ ዛፎች፣ በስላይጎ ጅረት ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ፣ ሚዳቋ የሚመስል አጋዘን ዘው ብሎ የሚገባበት ጓሮ። እህቴና ባለቤቷ አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ኖረው የመጀመሪያ ቤታቸውን የገዙት እዚያ ነው።

በደረስኩ ማግስት ጧት ቡናችንን ይዘን ጓሮ ልንወጣ ስንል የኋላው በር ተቆልፏል። የአራት ዓመቱ ማሙሽ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ቀና ብዬ ባይ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ከእግር ኳስ የሚበልጥ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ።

እህቴ ባሏን አየችው። እሱ ስኒውን አየ።

«እትዬ፣ እሱን እንኳ ይተዉት» አለኝ።

«በግንቦት የሎሚ ያህል ነበር» አለች እህቴ። «ያኔ ነግሬው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ዝም ተባባሉ። ያ ዝምታ አዲስ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ዘመን በትዳር መኖር አያስፈልግም።

ተርቡ ጥቁር ሆኖ ፊቱ ነጭ ነው፤ እዚያ አገር ሰዎች «ባልድ ፌስድ ሆርኔት» ይሉታል። አኗኗሩን ሳውቅ ከመጥላቴ ይልቅ መገረሜ በለጠ። በጸደይ አንዲት ንግሥት ብቻዋን ከክረምት እንቅልፏ ትነቃለች። ያረጀ እንጨት ፍቃ በምራቋ እያላመጠች ወረቀት ትሠራለች፤ ትንሽ ጎጆ ሠርታ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፤ እጮቹንም ራሷ ትመግባለች። የመጀመሪያዎቹ ሴት ሠራተኞች ሲያድጉ ሥራውን ይረከቧትና እሷ እንቁላል መጣል ብቻ ይሆናል ሥራዋ። በነሐሴና በመስከረም ቤተ ሰቡ በመቶዎች ይቆጠራል። ዝንብና አባጨጓሬ እያደኑ ለእጮቹ ስለሚያቀርቡ ለአትክልት ጥቅም አላቸው። ጎጆው ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ትቶ ማለፍ ነበር። ይህ ግን ሕፃን ከሚጫወትበት በረንዳ በላይ ነው።

የእህቴ ባል ሰነፍ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ የቤት ዕዳ የሚከፍል ሰው ነው። ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ሲጠይቅ ሦስት መቶ ዶላር ገደማ አሉት፤ «ለአንድ ነፍሳት?» ብሎ ተወው። ከሱቅ የሚረጭ መድኃኒት ገዝቶ በቀትር ረጨ፤ አልደረሰለትም፤ ተርቦቹ ወጥተው አሳደዱት። ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆለፈ። ማሙሽ በየጧቱ «ዛሬስ እንወጣለን?» ይላል፤ እናቱ «አባትህን ጠይቅ» ትላለች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ያደግሁት ጅማ አካባቢ ነው። አባቶቻችን ማር ሲቆርጡ ንቡን በጭስ ሲያበርዱት አይቻለሁና እንደ አዋቂ ምክር መስጠት ጀመርኩ። «ጭስ ብታጨሱበትስ?» አልኩ። ቤቱ እንጨት ስለሆነ ጎረቤት ያሉ አዛውንት አሜሪካዊ ሲሰሙ ደነገጡ። እኔም አላረፍኩም፤ «እንግዲያው በውሃ ጎማ ምታው፤ ወረቀት አይደል?» አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ወጣና በጎማው መታው።

የጎጆው ጎን ተቀደደ እንጂ አልወደቀም። የወጣውን ደመና አልረሳውም። ንብ መንደፊያዋ እሾህ ስላለው ሰው ቆዳ ውስጥ ይቀርና ትሞታለች፤ የተርብ መንደፊያ ግን ልሙጥ ነው፤ አንዷ ደጋግማ ትነድፋለች። ስትነድፍም ከመርዟ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ስድስት ቦታ ተነድፎ ሮጦ ገባ። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ገላው ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ድምፁ ተለወጠ፤ «እትዬ፣ ጉሮሮዬ...» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንዴት 911 እንደደወልኩ አላውቅም። ማሙሽን አቅፌ የጌታን ስም ስጠራ አምቡላንሱ ደረሰ። ጭኑ ላይ ኤፒኔፍሪን የተባለውን መርፌ ወጉት፤ ትንፋሹም ተመለሰ።

ሐኪሙ የነገረን ለሁላችሁም የሚጠቅም ነው። ከዚህ በፊት ተነድፎ ምንም ያልሆነ ሰው በሌላ ጊዜ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊይዘው ይችላል። ከተነደፈበት ቦታ ውጭ ሽፍታ ከወጣ፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ የሚጠበቅ ደቂቃ የለም። ሕመሙ ረገብ ካለ በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ለሰዓታት አቆዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌው ከኪሱ አይለይም።

ሌሊቱን በሆስፒታሉ ወንበር ላይ ከእህቴ ጋር ተቀመጥን።

«እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳት።

«አይደለም» አለችኝ። «እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። ባናግረው ኖሮ ብቻውን አይወጣም ነበር።»

እሱም ሲነቃ «በግንቦት ነግረሽኝ ነበር» አላት። ሌላ የተናገሩት ነገር የለም፤ እጇን ግን አልለቀቀም። ሰውን ስለ ትዳር የምመክር ሴት ነኝና ያን ሌሊት መካሪነቴን ወደ ጎን አድርጌ ማልቀስ መረጥኩ።

ሰኞ ማታ ሲመሽ ባለሙያው መጣ። ሲመሽ የመጣበት ምክንያት አለው፤ በጨለማ ሁሉም ጎጆው ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከራስ እስከ እግሩ የሚሸፍን ልብስ ለብሶ በጎጆው ቀዳዳ መድኃኒት ነፋበት። በማግስቱ ተመልሶ ሲያወርደው ውስጡን አሳየን፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ወለሎች አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረዋል፤ ዙሪያውን ደግሞ ብዙ ድርብ ወረቀት ለብሷል። ሥራው አጠናቀቀ፤ ሂሳቡን ተቀበለ። የሆስፒታሉ ሂሳብ ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ ባልናገር ይሻላል።

የእህቴ ባል «በቴሌቪዥን የሚያወሩለት ገዳዩ ተርብ ይኼ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ባለሙያው ሳቀ። ያ ትልቁ የእስያ ተርብ የተገኘው በዋሽንግተን ዲሲ ሳይሆን በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ በካናዳ ድንበር ባለው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። በ2019 ታየ፤ በጥቅምት 2020 ብሌን በምትባል ከተማ አጠገብ የመጀመሪያው ጎጆ ተነቀለ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ መጥፋቱን መንግሥት አስታውቋል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ተርብን በዘጸአት 23፣ በዘዳግም 7 እና በኢያሱ 24 ያነሳል፤ ጠላትን ከፊት የሚያባርር ሆኖ። የዕብራይስጡን ቃል «ድንጋጤ» ብለው የሚረዱት ሊቃውንት አሉ፤ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ብዙ ተከራክረናል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ተርብንና ድንጋጤን ለመለየት አልደክምም። ይልቅ በሁለቱ የሙሴ መጻሕፍት ከተርቡ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ያዘኝ፤ ጠላት የሚወጣው በአንድ ቀን ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ነው ይላል። እኛ ግን ወራት ሙሉ ዝም ብለን በአንድ ቅዳሜ ልንጨርሰው ፈለግን።

ቤታችሁ ጎጆ ያያችሁ ሁሉ ይህን ያዙ። በውሃ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት አትምቱት። ቤንዚን አታፍስሱ፤ ቤቱንም አፈሩንም ያጠፋል። ተርቡ በግድግዳ ስንጥቅ ከገባ ቀዳዳውን አትድፈኑ፤ ግድግዳውን ቀዶ ወደ ቤት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ሰው የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ታገሡት፤ እንዲህ ባለው አገር ውርጭ ሲመጣ ሠራተኞቹ ይሞታሉ፤ አዲሶቹ ንግሥቶች ብቻ በዛፍ ቅርፊትና በበሰበሰ ግንድ ሥር ይከርማሉ፤ ወደ አሮጌው ጎጆም ተመልሰው አይገቡበትም። ሰው የሚደርስበት ከሆነ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ እህቴ ደወለችልኝ። በመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል በር ላይ የሎሚ ያህል ግራጫ ነገር ማየቷን ነገረችኝ።

«ነገርሽው?» አልኳት።

«ሥራ ላይ እያለ ደወልኩለት። ባለሙያው ዛሬ ማታ ይመጣል» አለች። ከጀርባዋ የማሙሽ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጓሮ ውስጥ ኳስ ይጫወታል።