ስለ ተረኛ ሐኪም ዕረፍት

ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነቅቶ የሚያድር ሐኪም ምስጋና የሚገባው መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ምስጋናችን አንድ ጥያቄ እንዳንጠይቅ አድርጎናል፤ ይኸውም ትናንት ጧት ሥራ የገባ ሐኪም ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሲቆም አእምሮው እንደ ትናንቱ ነውን? የሚል ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዘመዳችንን ለማስታመም በአንድ ሆስፒታል አድረን ነበር። ተረኛው ሐኪም ወጣት፣ ትሑትና ትጉህ ሰው ነው። ሊነጋጋ ሲል የመድኃኒት መጠን ሲጽፍ አንዲት ዜሮ ጨመረ፤ ነርሷ ቁጥሩን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብለት ደንግጦ አረመው። «ደክሞዎት ይሆናል» ብንለው «ኧረ ደኅና ነኝ» አለን። ዕውቀትም ትጋትም አላነሰውም፤ ያነሰው እንቅልፍ ነበር። የድካም ክፋቱም ይህ ነው፤ የደከመው ሰው የመድከሙን ልክ ራሱ አያውቀውም።

ይህን የተመራማሪዎች ሥራ ያረጋግጠዋል። በአውስትራልያ የተደረገ ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዐይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቦስተን የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በረዥሙ የተረኝነት ሥርዓት የሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች ሰዓታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ ብልጫ ያለው ከባድ ስሕተት ፈጽመዋል። የኒውዮርክ ግዛትም በ1984 እ.ኤ.አ. የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ሞት ካስነሣው ክርክር በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የተለማማጅ ሐኪሞችን ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይ ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ።

ሆኖም ሰዓት መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም በተለወጠ ቍጥር የበሽተኛው ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚጠፋ ይኖራል። በአሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ዓመት ሐኪሞች ተከታታይ ሥራ ወደ 16 ሰዓት ዝቅ ብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 24 የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአገራችንም ሐኪሙ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ስለ ሆነ «ተረኛው ይሂድ» ማለት ቀላል አይደለም።

ግን የሚቻል ነገር አለ። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ለተረኛው ሁለት ሰዓት የሚያሸልብበት አልጋ ይዘጋጅለት፤ ሌሊት የታዘዘውን መድኃኒት ሁለተኛ ዐይን ያንብበው። እኛ በመሥሪያ ቤት የተሳሳተ ደብዳቤ ብንጽፍ በሌላ ደብዳቤ እናርመዋለን፤ የሐኪም ስሕተት ግን ሁልጊዜ ማረሚያ አይገኝለትም። ስለዚህ አስታማሚዎች ሆይ፣ ሐኪሙ ጥቂት ጋደም ቢል እንደ ስንፍና አንቍጠርበት፤ ያ ዕረፍት የበሽተኛችን ድርሻ ነውና።