የታክሲው በር

በካይሮ ከተማ የሚኖር ወይም ለጥቂት ቀን የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳያስደንቀው አይቀርም። ይኸውም ዳቦ አመላላሹ በቢስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ ዳቦ የተደረደረበትን ሰፊ የእንጨት ርብራብ በራሱ ተሸክሞ፣ በአንድ እጁ ርብራቡን ደግፎ በሌላው መሪውን ይዞ፣ በአውቶሞቢሎች መካከል ሲሾልክ ማየት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ በልቤ፣ «ይህ ሰው ሕግ የማያውቅ ደፋር ነው» እያልሁ እፈርድበት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከዕለታት አንድ ቀን በዐባሲያ ወደሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በታክሲ ስሄድ፣ በራምሲስ ጎዳና ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ሰዓት እንዳያልፍብኝ ቸኵዬ ስለ ነበር፣ ነጂው ጥግ እስኪይዝ ድረስ እንድታገሥ ቢለምነኝም አልሰማሁትም፤ በቀኜ ያለውን በር ከፈትሁት። ወዲያውም በታክሲውና በእግረኛው መንገድ መካከል ይመጣ የነበረ ዳቦ አመላላሽ ከበሩ ጋራ ተጋጭቶ ወደቀ። ዳቦውም በአስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ግብፃውያን ዳቦን «ዐይሽ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሕይወት ማለት ነው። መንገደኞች የወደቀውን ዳቦ እያነሡና እየሳሙ ከፍ ካለ ቦታ ሲያኖሩት ባየሁ ጊዜ እጅግ አፈርሁ። ጉልበቱ የደማው ወጣት ግን አልተቈጣኝም። የተበላሸውን ዳቦ ዋጋ ብቻ ተቀብሎ፣ «ማዕለሽ» ብሎኝ ሄደ፤ ግድ የለም ማለቱ ነው።

በዚያ ምሽት ራሴን ነጻ የሚያወጣ ቃል ባገኝ ብዬ ስለ መንገድ ሕግ አነበብሁ። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ባለ ቢስክሌት ቢያንስ በአንድ እጁ መሪውን እንዲይዝ ያዛል፤ አነዳዱን የሚያውክ ሸክም እንዳይዝም ይከለክላል። «እነሆ፣ እሱም ጥፋት አለበት» ልል ስል፣ ከዚያው ጽሑፍ ሌላ አንቀጽ አገኘሁ። ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳይረጋገጥ የተሽከርካሪ በር መክፈት ክልክል ነው ይላል። ቃሉ ነጂውን ብቻ ለይቶ አይጠራም። መሪ ያልጨበጥሁ እኔም ከሕጉ በታች ነበርሁ።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼ ደቀ መዛሙርትና ወደዚህ የምትመጡ ተሳላሚዎች ሆይ፣ ታክሲው ጥግ እስኪይዝ ታገሡ። በቀኝ ያለውን በር በግራ እጃችሁ፣ በግራ ያለውንም በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። እንዲህ ሲሆን ሰውነት ወደ በሩ ይዞራል፤ ዓይንም ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ይህን የጻፍሁት፣ ያ ወጣት ለእኔ ያለውን «ማዕለሽ» ከእናንተ አንዱ ከደማ ሰው አፍ እንዳይሰማ ብዬ ነው።