ስለ ብስክሌት የኋላ መንኰራኵር ጩኸት

ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፥ ከኋላው መንኰራኵር የሚወጣውን ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም። ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ በቤተ ሰብ መካከል ክርክር ያስነሣል፤ አንዱ ይሸጥ ይላል፥ አንዱ ዘይት ይጠጣ ይላል፥ ጠጋኙም ያለ ምርመራ ሁሉም ይለወጥ ብሎ ይፈርዳል። እኛ ግን ድምፁ አስቀድሞ ይመርመር እንላለን፤ ምክንያቱም ከኋላ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ብቻ ስላልሆነ፥ ደግሞም ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው የሚያስፈራበት ጊዜ ስላለ ነው።

መንኰራኵሩን የሚሸከመው የመካከሉ ክፍል፥ ሠራተኞቹ ከጣሊያንኛ ወስደው ሞዞ የሚሉት ነው። በውስጡ ፔርኖ የተባለው ብረት ያልፋል፤ በፔርኖውና በሞዞው መካከል የብረት ኳሶች፥ ማለት ኩሽኔታ፥ ይዞራሉ። በቀኝ በኩል ደግሞ ካቴናው የሚያርፍባቸውን ጥርሶች የተሸከመ ሌላ ክፍል አለ፤ በዚህ ውስጥ በቀጭን ሞላ የሚገፉ ትናንሽ የብረት ምላሶች ይገኛሉ። ልጁ ፔዳሉን ሲረግጥ ምላሶቹ በውስጡ ጥርስ ላይ ነክሰው መንኰራኵሩን ይጐትታሉ፤ መርገጡን ሲተው ግን በጥርሶቹ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። ቁልቁለት ሲወርድ ጠር ጠር የሚለው ይህ ነው። የጤና ድምፅ ስለ ሆነ፥ እርሱን ሰምቶ መደንገጥ የግድግዳ ሰዓት ሲመታ ሰምቶ እንደ መደንገጥ ነው። የሚያስፈራውስ ይህ ድምፅ እየደከመ የሄደ ወይም ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነ ነው። ምላሶቹ በወፍራም ግራሶ ወይም በደረቀ ጭቃ ተጣብቀው አንነሣም ሲሉ፥ ልጁ ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ በሚረግጥበት ጊዜ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ እርሱም በደረቱ በመሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ ቀጭን ዘይት እንጂ የመኪና ግራሶ አይጨመርም።

በእኛ ቤት ነገሩ የተነሣው ባለፈው ክረምት መጨረሻ ነው። ከእኛ ጋራ የሚኖረው የእኅታችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ቁልቁለቱም ለብስክሌት ቀርቶ ለእግረኛ የሚያስቸግር ነው። መስከረም ሲጠባ ከብስክሌቱ ኋላ የእህል ወፍጮ የመሰለ ጉርርታ ይሰማ ጀመር። ባለቤታችን፥ «ይህ ነገር ልጁን ሳይሰብረው ይሸጥ» አለች። ጠጋኙም ብስክሌቱን አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎ፥ «ሞዞው ሞቷል፤ ሙሉ መንኰራኵር ግዙ» አለን፤ የጠራውም ዋጋ ከአንድ ወር ደመወዛችን የሚበልጥ ነበር። ልጁ ግን ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ፥ «ጋሼ፥ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አለ። ብስክሌቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን እያስጠና ባገኘው ገንዘብ የገዛው ስለ ሆነ፥ ያለ ማስረጃ ይሸጥ ብለን ማዘዝ አልሆነልንም።

በችሎት ጽሕፈት ሥራ ብዙ ዓመት ስለ ቈየን፥ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ ልማዳችን አይደለም። አስቀድመን ልጁ በሜዳ ላይ እየነዳ ድምፁን እንዲቈጥር አደረግን። የፊተኛው ጥርስ 50 የኋለኛው 25 በሆነ ጊዜ፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ድምፁ በአንድ የፔዳል ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ቢሆን ጥፋቱ ከፔዳሉ ወገን በሆነ ነበር፤ የእኛው ግን ከመንኰራኵሩ ጋራ ሄደ። ቀጥሎ መርገጡን እንዲተው አዘዝነው። ሲረገጥ ብቻ ተሰምቶ ሲተው ዝም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የካቴናው ወይም የላላው ጥርስ ነው። መርገጥ ሲተው ብቻ የሚሰማ ክርክርታ ከሆነ ደግሞ ምላሶቹ ያሉበት ክፍል ይጠረጠራል፤ ያ ክፍል የራሱ ትናንሽ ኳሶች ሲኖሩት፥ እነርሱም የሚሠሩት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲረገጥ ከመንኰራኵሩ ጋራ አንድ ሆኖ ይዞራልና። በሁለቱም ጊዜ የሚሰማና ከፍጥነቱ ጋራ የሚጨምር ከሆነ ግን የፔርኖው ኩሽኔታ ነው። የልጁ ብስክሌት እንዲህ ያለ ነበር።

ይህም ቢሆን ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ሳናሰናብት አላለፍንም። ራጂ የተባሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በእጃችን ጨበጥን፤ የላላ ራጂ ቲንግ ይላል። መንኰራኵሩን ከብስክሌቱ ጋራ የሚያጣብቀውን መዝጊያ ፈትተን፥ ጠርገን፥ መልሰን አጠበቅን፤ ይህ ደርቆ ወይም ላልቶ ሲጮኽ ሞዞው በሐሰት የሚከሰስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ የብስክሌቱን ኋላ ከመሬት አንሥተን መንኰራኵሩን በአንድ እጅ እያዞርን፥ ሌላውን እጅ ከሞዞው አጠገብ ባለው ብረት ላይ አሳረፍን። በመዳፋችን አሸዋ የሚፈጭ መሰለን። ጎማውንም ይዘን ግራና ቀኝ ብንወዘውዘው ነቅነቅ አለ።

ስለዚህ ከፈትነው። ከሥር ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ ይገባል፤ ያለዚያ ኳሶቹ እንደ ሽምብራ ተበትነው ከአልጋ ሥር ይገባሉ። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት የኋላ ሞዞዎች በእያንዳንዱ ወገን ውፍረታቸው 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነ 9 ኳሶች አሉ። ቈጠርናቸው፤ በግራ 9፥ በቀኝ 9፤ ከቀኞቹ አንዱ ግን ተሰንጥቆ ነበር። ግራሶውም ጠቍሮ ውኃ ጠጥቷል። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት የቀኙ ሾጣጣ ዳዶ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስል ተቦርቡሯል፤ በሞዞው ውስጥ ያለው ጽዋ ግን ንጹሕ ሆኖ አገኘነው። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሾጣጣው ዳዶ ብቻውን ይለወጣል፤ ጽዋው ግን ከሞዞው ጋራ አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፥ እርሱ ተበልቶ ቢሆን የጠጋኙ ፍርድ በጸና ነበር።

ልጁ የተሰነጠቀው ኳስ ብቻ ይለወጥ ብሎ ነበር፤ እኛ ግን 18ቱንም አስለወጥን። ኳስ ሸክሙን የሚካፈለው ከጓደኞቹ ጋራ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ አዲሱ ካለቁት በጥቂቱ ቢወፍር ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በ1883 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፍሪድሪክ ፊሸር የተባለ ሰው በጀርመን አገር በሽዋይንፉርት ከተማ የብረት ኳሶችን በአንድ ልክ የሚስል መኪና መሥራቱ ስለዚሁ ነገር ነው።

ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዞዎች ግን ልቅ ኳስ የላቸውም፤ ኩሽኔታው በቀለበት ታሽጎ እንዳለ ይወጣል፥ እንዳለም ይለወጣል። በጐኑ 6902 ተብሎ የተጻፈበት ቢሆን የውስጡ ቀዳዳ 15፥ የውጭው ስፋት 28፥ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ ቍጥር የብስክሌት ሰዎች ብቻ ስላልሆነ ኩሽኔታ በሚሸጡ ሱቆች ይታወቃል፤ በወረቀት ጽፎ መርካቶ የሄደ ሰው ሙሉ መንኰራኵር ከመግዛት ይድናል።

ጥፋቱ ከምን መጣ ቢባል፥ ከንጽሕና ነው። ልጁ ክረምቱን ሁሉ ከጭቃ ሲመለስ ብስክሌቱን መኪና ወደሚታጠብበት ወስዶ በኃይለኛ ውኃ ያሳጥብ ነበር። ያ ውኃ የሞዞውን አፍ ፊት ለፊት ሲመታ ክዳኑን አልፎ ግራሶውን ያወጣል፥ በፋንታውም ጭቃ ያገባል። አሁን በባልዲ ውኃና በጨርቅ ያጥባል፤ ባለቤታችንም የወጥ ቤቱን ባልዲ እንዳይወስድባት ሌላ ገዝታለታለች።

ሁሉን በነጭ ጋዝ አጥበን፥ አድርቀን፥ ጽዋውን በአዲስ ግራሶ ሞልተን ኳሶቹን ደረደርን። ጭንቁ ማጥበቁ ላይ ነው። መዝጊያው ሲዘጋ ፔርኖውን ጥቂት ስለሚጫነው፥ አስቀድሞ የጠበቀ ኩሽኔታ በኋላ ይታነቃል። እንግዲህ ከመግጠማችን በፊት እጅ ብቻ የሚያውቀው ጥቂት ንቅናቄ ተውንለት፤ መዝጊያው በተዘጋ ጊዜ ያ ንቅናቄ ጠፋ። ይህን ልክ ለማግኘት አራት ጊዜ ፈትተን አራት ጊዜ አጠበቅን፤ መብራትም ሄዶ የመጨረሻውን በሻማ ሠራን።

ልጁ በማግሥቱ አስቀድሞ በሰፈር ሜዳ፥ ቀጥሎም ከእንጦጦ ወረደ፤ ባለቤታችን እስኪመለስ ድረስ ከደጅ አልተለየችም። ጉርርታው የለም፤ ከሩቅ የተሰማው ጠር ጠር የሚለው የምላሶቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀርቦ ሲያልፍ ግን በየዙሩ ቲክ የምትል አንዲት ትንሽ ድምፅ ቀርታ ተገኘች። ብንፈልጋት የአየር መሙያው ዳዶ ሆነች፤ በጣታችን አጠበቅናት።