ሕመምን መቻል ጀግንነት ነውን?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትከሻ ኦፕራሲዮንና ስለ ማደንዘዣ ነው። እዚህ ሄሉ ውኃ በጀሪካን የሚሸከም፣ ከመኪና ጭነት የሚያወርድ ብዙ ስለሆነ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ቀኝ ትከሻዬ በተደጋጋሚ ይወልቅ ነበር። ወጌሻ ይመልሰዋል፣ ሰንብቶ ደግሞ ይወልቃል። በመጨረሻ ሐኪሙ በኦፕራሲዮን መጠገን አለበት ብሎ ከሞያሌ ወደ ደቡብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ላከኝ። እኔ የፈራሁት ምላጩን ሳይሆን እንቅልፉን ነበር፤ ተኝቼ ሳልነቃ ብቀርስ?

የማደንዘዣ ባለሙያው የሚናገረው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለነበር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አስተረጎመችልኝ። ሁለት ዓይነት ማደንዘዣ እንዳለ ነገረን። አንደኛው ጠቅላላ ማደንዘዣ ነው፤ ሰውየው ፈጽሞ ይተኛል፣ ባለሙያውም እስኪነቃ ድረስ ትንፋሹንና የልብ ምቱን እየተከታተለ ከአጠገቡ አይለይም። ሁለተኛው በአንገት ጎን በኩል የሚወጋ መርፌ ነው፤ የትከሻ ነርቮች ከአንገት ስለሚነሡ እነርሱን ያደነዝዛል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። መርፌው ለጥቂት ሰዓት ድምፅን ሊያጎረንን፣ የዓይን ቆብን ሊያወርድ፣ ትንፋሽንም ሊያሳጥር ስለሚችል የሳንባ ሕመም ያለበት አስቀድሞ መናገር አለበት።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ጫት ይቅማሉ ወይ ይላል» አለችኝ። «እቅማለሁ በይው፤ መቼ እንደቃምሁም ንገሪው» አልኋት። ጫት ልብን ያፋጥናል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል፤ ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ማደንዘዣ ቢሰጥ አደጋ ሊደርስ ይችላል። የሚጠይቀው ሊፈርድብን አይደለም። ምግብም ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ ስድስት ሰዓት በፊት መቆም አለበት፤ ያለዚያ በሰመመን ጊዜ ከሆድ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ስነቃ ክንዴ እንደ ግንድ ደንዝዞ ነበር፤ ሕመም ግን የለም። ድንዛዜው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ይቆያል። የደነዘዘ ክንድ ቃጠሎ አይሰማውምና ከምድጃ ይራቅ። ነርሷ ድንዛዜው ሳይለቅ ክኒን ሰጠችኝ። ከጎኔ የተኛው ያገሬ ሰው ግን፣ «ወንድ ልጅ ይችለዋል» ብሎ መለሰላት። እኩለ ሌሊት ላይ ድንዛዜው ሲለቀው ክፍሉን በጩኸት አናወጠው፤ ያን ጊዜ የወሰደው ክኒን ሕመሙን ለማስታገሥ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ሕመም ከበረታ በኋላ ማስታገሥ ከባድ ነው። እኔ በትራስ ተደግፌ፣ ቀና ብዬ ተኛሁ።

እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን ከተማ ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ኤተርን በሕዝብ ፊት ከማሳየቱ በፊት፣ ሕመምተኛ በጉልበተኞች ተይዞ ነበር የሚቀደደው። ዛሬ ግን መድኃኒት እያለ ጥርስ ነክሶ ማደር ጀግንነት አይደለም። በደንብ ያልተኛና በሕመም የተወጠረ ሰው ክንዱን ማንቀሳቀስ ስለሚፈራ ትከሻው ሊደርቅ ይችላል።

እናንት ተማሪዎች፣ ነገ የእናት የአባታችሁ አንደበት የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ሐኪም የጠየቀውን ሁሉ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የተመለሰላችሁንም ሳትቀንሱ ንገሩ። እኛ ወላጆችም በልጆቻችን ፊት እውነቱን ለመናገር አንፈር።

አንድ የተማሪ ወላጅ
ከሄሉ