ጉልቻው ቢቀየር ጭሱ የት ይሄዳል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ እናቴ ማዕድ ቤት ነው። ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን "ልጄ ሳሉ አልለቀው አለ" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጽፉልኝ እናቶች ይጠቅማል ብዬ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሳቱ የሚነደው ቤት ውስጥ ነው፤ ሲገኝ በባሕር ዛፍ፣ ሲጠፋ በኩበት። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። እኔም እዚያው ጭስ ውስጥ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስላደግኩ ሐኪም ሆኜ እንኳ ለዓመታት አልታየኝም ነበር።

የታየኝ የወንድሜ ልጅ ሲታመም ነው። 9 ወሩ ነበር። ለበዓል ሄጄ ሳቅፈው አተነፋፈሱ አላማረኝም። ልብሱን ገለጥ አድርጌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 58። ልጁ ተረጋግቶ ሳያለቅስ ሲቆጠር፣ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሲተነፍስ ታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም መጥባት ያቃተው ልጅ ከሆነ ግን ስትቆጥሩ ጊዜ አታጥፉ፤ ይዛችሁት ሩጡ። የእኛው የሳንባ ምች ነበር። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ተጀመረለት። የሚወስድበትን ሰዓት በነጭ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላቸው።

ከዚያ "ይሄ ጉልቻ ዛሬውኑ ይነሳ!" ብዬ ተነሳሁ። እናቴ ሳቀች። "ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" አለችኝ።

ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ገዝቼ አመጣሁ። ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራ ነው። ፑሚስ በውስጡ አየር የያዘ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ ሙቀቱን በቀላሉ አያሳልፍም፤ እሳቱም እንደ ጉልቻው በየአቅጣጫው ከመባከን ይልቅ ምጣዱን ያግላል። ተለያይቶ ነው የሚመጣው፤ አራቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከም ክብ ይሠራሉ፣ የቀሩት ከኋላ የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። መሬቱን አስተካክዬ ገጠምኩት፣ ክፍተቱን በጭቃ ደፈንኩት፣ ሊጡ ደርሶ ስለነበር በዚያው ቀን እሳት አነደድንበት። ጭቃው ሳይደርቅ ስለነደደ ተሰነጣጠቀ፣ ጭሱም በስንጥቁ ይወጣ ጀመር። እናቴ ምንም ሳትል ጭቃ ከጭድ ጋር አቦክታ መልሳ ለቀለቀችው፤ ቀናት አቆይታ፣ በትንንሽ እሳት አሙቃ ነው የጋገረችበት። የእሷ ልቅላቂ እስከ ዛሬ አለ።

(ውስጡ በጡብ የተሠራ የእንጨት ምድጃ ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ። የተሰነጠቀውን ጡብ ስትቀይሩ አዲሱን ቀስ በቀስ አሙቁት፤ እርጥብ ጡብ ድንገት ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ጡብ ስትቆርጡ አርጥቡት፣ ጭምብል አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፤ አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው።)

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ እናቴ ደስተኛ ነበረች። የሚነደው እንጨት ወደ ግማሽ ቀንሷል። እኔም ልኮራ ስል ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አየሁት። ነጭነቱ የለም፤ የሻይ ቀለም ይዟል። ልጁም እንደገና ይስላል።

ምድጃው ጭሱን ቀነሰው እንጂ የቀረው ጭስ መውጫ አልነበረውም። ይሄ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ መስጠት ብቻውን የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በጓቲማላ ግን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በተሠራላቸው ቤቶች ከባዱ የሳንባ ምች ቀንሶ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ከምድጃው በላይ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አስገባን። አባቴ "ብርዱን አስገባሽብን" ብሎ አጉረመረመ፤ እውነቱን ነው፣ ቤቱ ይበርዳል። ታዲያ ለሙቀት ብላችሁ የጋመ ፍም ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። ጭስ ባይኖረውም የማይታይና የማይሸት ጋዝ አለው፤ ተኝታችሁ ሳታውቁት ይገድላል።

ቀጥሎ ለወንድሜ ሚስት "ስትጋግሪ ልጁን አትዘዪው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ዶክተር፣ ለማን ልስጠው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህንን ምክር በክሊኒክ ለስንት እናት ሰጥቻለሁ መሰላችሁ፤ አንዷንም "ማን ይይዝልሻል?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያን ማታ ጉዳዩ ቤት ውስጥ ተመከረበት። አሁን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ልጁን አባቴ ጋቢው ውስጥ ሸፍኖ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ማጉረምረሙን ግን አልተወም። እናንተም አባቶች የምታነቡ ካላችሁ፣ መጋገር ባትችሉ ልጅ መያዝ አያቅታችሁም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ የሳንባ ምች አልያዘውም። ይህ በምድጃው ይሁን በጭስ ማውጫው ወይም በአባቴ ጋቢ፣ በአንድ ልጅ አይታወቅም።

የእናቴ ሳል ግን አለ። ሲጋራ በአፏ ገብቶ አያውቅም፤ አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ አይደለም ተብሏል። የብዙ ዓመት ጭስ የጎዳው ሳንባ ምድጃ ስለተቀየረ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ተመርምሮ መድኃኒት ቢጀመር ግን ትንፋሽን ያቀላል። አብራኝ አዲስ አበባ እንድትመጣ ለምኛታለሁ።

"እሺ" ብላለች፤ "የገብሱ አጨዳ ይለፍ።"