አዲስ ማሰሻ በአሮጌ ኮምፒዩተር

ለአሮጌ ኮምፒዩተር አዲስ የድረ ገጽ ማሰሻ ማበጀት ይገባልን? ለሚል ጠያቂ መልሱ እንደ ዕቃው አቅም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ማኅደረ ትውስታው 64 ኪሎባይት ብቻ ስለ ሆነ፥ የዛሬውን ፋየርፎክስ ይሸከም ዘንድ ከቶ አይቻለውም።

ፓወርፒሲ በሚባለው አንጎለ ስሌት የሚሠሩት የአፕል ማኪንቶሾች ግን ገና አገልግሎት ሲሰጡ ሳሉ፥ በ2011 አዲሱ ፋየርፎክስ ተዋቸው፤ ድረ ገጾችም የምስጠራ ሥርዓታቸውን በየጊዜው ይለውጣሉና፥ የቀድሞው ማሰሻ በየደጃፉ የሚመለስ ሆነ። ቴንፎርፎክስ የተባለው ማሰሻ ይህን በር እስከ 2021 ድረስ ከፍቶላቸው ኖረ።

ስለዚህ ሥራው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ማሻገሩ የአንድ ጊዜ ድካም ሲሆን፥ የሚገኘውን ቀዳዳ ሁሉ እየደፈኑ መጠበቁ የዘወትር ነው። ይህን የማይታገሥ ሰው ባይጀምረው ይሻላል፤ ጠባቂ የሌለው በር ለባለቤቱም ለሌባውም እኩል ይከፈታልና።