ያልበራችው ቀይ መብራት

ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ወደ ሥራ የምትቻኮሉ እህቶች! የዛሬው ጨዋታችን በመኪና መሪ ፊት ለፊት ስለምትገኝ፣ የባትሪ ምስል ስላለባት ትንሽ ቀይ መብራት ነው።

በመጀመሪያ ሥራዋን እንወቅ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቷ መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች፤ መጥፋቷም ዲናሞው ባትሪውን መሙላት መጀመሩን ይነግረናል። እየነዳን ሳለ ከበራች ችግር እንዳለ አብዛኞቻችን እናውቃለን። ቁልፍ ስንከፍት ጭራሽ የማትበራ ከሆነስ? «እሰየው፣ ደህና ነው» እንላለን። ይሁን እንጂ በብዙ ቀደም ያሉ መኪናዎች ዲናሞው ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚችው አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ወይም ሽቦዋ ከተበጠሰ፣ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል።

በእኛ ቤት የደረሰውም ይኸው ነው። መኪናችን ጠዋት ጠዋት አልነሣ ሲል፣ የወሰድንበት ጋራዥ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ አስገዛን። የወጣው ገንዘብ ለልጆቹ የደንብ ልብስና ደብተር የተቀመጠው ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ደከመ። በኋላ ያየልን አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቁልፉን ከፈቱና፣ «ቀዩዋ መብራት የት አለች?» ሲሉ ጠየቁ። ከዲናሞው ላይ የመብራቷን ቀጭን ሽቦ ነቅለው ከመኪናው ብረት ጋር አነካኩት፤ አልበራችም። ብትበራ ኖሮ አምፖሉና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ከዲናሞው ነው ማለት ነበር። አምፖሏ ተቃጥላ ኖሯል፤ ተለወጠች፣ መኪናውም ዳነ። የአምፖሏ ዋጋ ከባትሪው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ጠዋት ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት መብራቷ መብራቷን እዩ። «ባትሪ ግዙ» ስትባሉ አስቀድሞ ይለካ በሉ። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየና የሞላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ይደርሳል። ከፍ ካላለ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ በመንቀል የሚፈትን ካለ ግን ከልክሉት፤ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ያቃጥላል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ሽቦ መንቀሉ ለባለሙያ ይተው።

መብራቷ በመንገድ ላይ ከበራች ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋው መኖሩን ተመልከቱ። በድሮዋ ቮልስዋገን ያው ቺንጋ የሞተሩን ማቀዝቀዣም ስለሚያዞር፣ ተበጥሶ መንዳት ሞተር ማቃጠል ነው።

በዝናብ ምሽት ልጆች ጭኖ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ የከዳው መኪና ውስጥ ከመቀመጥ፣ ጠዋት አንዲት አምፖል ማየት ይሻላል። ይህን ለሴት ልጆቻችንም እናስተምራቸው።